ሌባው ከታሰረ በኋላስ? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ስርቆት፣ ስለ እስርና ከእስር ስለሚወጡ ሰዎች የሚጠይቁ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፤ የጠያቂዎቹንም ስም ትተናል። መልሶቹን ያዘጋጁት የወንጀል ሕግና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ በሞተር ሳይክል የመጡ ሁለት ልጆች ስልኬን ከእጄ ላይ መንትፈው ሄዱ። ለማመልከት ስነሣ ሰው ሁሉ «ተይው፣ ቢያዙም በወሩ ይወጣሉ» አለኝ። ሕጉ ለምን ጠበቅ አይልም? አሥር ዓመት ቢፈረድባቸው ማን ይደፍራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ንዴትዎ የሚገባ ነው፤ ሕጉ ግን ልል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ተራ ስርቆትን በአንቀጽ 665 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ስርቆቱ ከባድ ከሆነ በአንቀጽ 669 ጣሪያው 15 ዓመት ነው። የኃይል ድርጊት ካለበት ደግሞ ነገሩ ወደ ውንብድና ያድጋል። የጎደለን የእስር ዓመት አይደለም፤ ሌባው የመያዝ ዕድሉ ማነሱ ነው።

ስልክ መንታፊ የሚወስነው በሴኮንድ ውስጥ ነው። በዚያች ቅጽበት ዳኛው ሦስት ዓመት ይሰጠኝ ይሆን ወይስ ስምንት ብሎ አያሰላም። የሚያየው ፖሊስ አለ ወይ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ ማታውኑ የሚረከበኝ ገዢ አለ ወይ የሚለውን ነው። ጣሊያናዊው የሕግ ፈላስፋ ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 እ.ኤ.አ. የጻፈውም ይህንኑ ነበር፤ ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን እንደማይቀር መታወቁ ነው ብሎ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤትም በ2014 እ.ኤ.አ. የአገሩን የአሥርት ዓመታት የእስር መስፋፋት መርምሮ፣ ረጅሙን ፍርድ ይበልጥ ማስረዘም በሰው ላይ የሚጨምረው ፍርሃት እጅግ አነስተኛ መሆኑን አረጋግጧል። እኛም አቋማችን ይኸው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ወንጀል ከአምስት ዓመት የእስር ዛቻ ይልቅ በሳምንቱ መያዝና በቶሎ መዳኘት ይበልጣል።

«በወሩ ይወጣሉ» የሚባለው እውነት የሚሆንበት አጋጣሚ ግን አለ። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርባል። ምርመራው ካላለቀ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። በእነዚህ ቀናት ንብረቱ የእርስዎ ለመሆኑ ማስረጃ፣ ተጠርጣሪውን የሚለይ ምስክር ወይም የካሜራ ምስል፣ እንዲሁም የተበዳዩ ቃል መዝገቡ ውስጥ ካልገቡ ዐቃቤ ሕጉ የሚከስበት ነገር አያገኝም። ባለንብረቱ «ለአንድ ስልክ ማን ይመላለሳል» ብሎ ሲተወው፣ ምስክሩም በቀጠሮው ቀን ሲቀር፣ መዝገቡ ይዘጋል። ሌባውም የሚማረው ከዚህ ነው።

ስለዚህ አዲስ ስልክ ሲገዙ *#06# ብለው ይደውሉ። የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ነው፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥሩን ስልኩ ውስጥ ሳይሆን ወረቀት ላይ ጽፈው ከደረሰኙና ከካርቶኑ ጋር ቤት ያስቀምጡ። ስልኩ ሲወሰድ ቅድሚያ የሚሰጠው የባንክና የቴሌብር ሂሳብን ማዘጋት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከስልኩ ዋጋ የሚበልጠው ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ላይ ነውና። ቀጥሎ በ994 ሲሙን ያዘጉ፤ በ991 ለፖሊስ ይደውሉ፣ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለው ጣቢያ በዕለቱ ይሂዱ። ቃል ሲሰጡ «ልጆች ነጠቁኝ» ብቻ ማለት አይበቃም። ሰዓቱን፣ ቦታውን በሕንፃ ወይም በሱቅ ስም፣ የሸሹበትን አቅጣጫ፣ የሞተሩን ቀለም፣ ከሰሌዳው ሁለት አሃዝም ቢሆን ይናገሩ። በዚያ በኩል ካሜራ ያለው ባንክ ወይም ሆቴል ካለ ለመርማሪው ያመልክቱ፤ ምስሉ ከቀናት በኋላ በላዩ ላይ ሌላ ሊቀዳበት ስለሚችል መዘግየት የለበትም። የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ሳይይዙ አይውጡ።

ስለ መንስኤ ከተነሣ ደግሞ ከድህነት በፊት የሚጠራው ገዢው ነው። የተሰረቀ ስልክ የሚረከብ ሱቅ ባይኖር ምንተፋው የአንድ ቀን ጀብዱ ሆኖ በቀረ ነበር። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም መጠርጠር ሲገባው የሚገዛ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ራሱን ችሎ ይጠየቃል። ካርቶን የሌለው፣ ዋጋው በግማሽ የወረደ፣ ሻጩ መታወቂያ ለማሳየት የማይፈልግ ስልክ ሲያጋጥም አለመግዛት ማንም ሰው ዛሬ ሊያደርገው የሚችል ወንጀል የመከላከል ሥራ ነው። ፖሊስም አንድ መንታፊ ከመያዝ አንድ ተቀባይ ሱቅ ቢያሽግ ይበልጥ ያተርፋል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ከጎረቤታችን ሱቅ 1,200 ብር ወስዶ ተገኘ። አባቱ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን እያነሣ ዛሬ ካልተገረፈ ነገ አይመለስም ይላል። አጎቱ ደግሞ ጣቢያ የሚያውቀው ፖሊስ ስላለ አንድ ሌሊት ያሳድሩትና ይፍራ ባይ ነው። እኔ ግራ ገብቶኛል። (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ አባትየው ያነሡት ተረት እውነት አለው። በተረቱ ልጁ ሊሰቀል ሲል እናቱን የሚወቅሳት እንቁላሉን ሰርቆ ባመጣ ቀን ዝም ብላ በመቀበሏ ነው። ለአንድ እንቁላል የሚበቃው ቅጣት ትንሽ ነው፤ ትልቁ ነገር በዕለቱ መምጣቱ ነው። እርስዎም ነገሩን በዕለቱ መያዝዎ ደግ ነው፤ በዚሁ ይቀጥሉበት።

ጣቢያ ማሳደሩን ግን አይሞክሩት። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ራህዌይ እስር ቤት ከ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታዳጊዎችን ወስዶ ዕድሜ ልክ በተፈረደባቸው እስረኞች ማስጮህና ማስፈራራት ተጀምሮ ነበር። ነገሩ በቴሌቪዥን ታይቶ እጅግ ተወደደ፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶችም ተቀዳ። በኋላ ግን በዕጣ ተለይተው የሄዱት ልጆች ካልሄዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የሄዱት እንዲያውም ይበልጥ ሲያጠፉ ተገኙ። ለምን ቢባል ልጁ እዚያ የሚያገኘው ፍርሃት በሳምንት ይበርዳል፤ የሚያገኘው ስም ግን ይቆያል። «ታስሬ አውቃለሁ» ማለት በአንዳንድ ሰፈር ለወጣት ክብር ነው። በአንድ ክፍል አብረውት ካደሩት አንዱ ነገ መንገድ ላይ ስሙን ጠርቶ ሰላም ይለዋል።

ሕጉም አይፈቅድም። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ይጠየቃል፤ ነገር ግን በአንቀጽ 53 መሠረት የአዋቂ ቅጣት አይፈጸምበትም፣ ከአዋቂ ጥፋተኞችም ጋር አይታሰርም። ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ከደረሰ ልጁ ወዲያው በአቅራቢያ ወዳለ የወረዳ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ነገሩ የሚሰማውም በግልጽ ችሎት ሳይሆን በዳኛው ጽሕፈት ቤት፣ ወላጅ ባለበት ነው። ዳኛው ሊያዝዝ የሚችለው ተግሣጽ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መዋል፣ በቁጥጥር ሥር ሆኖ መማር፣ ሕክምና ካስፈለገ ሕክምና፣ ከሁሉ ሲከብድ ወደ ማረሚያ ተቋም መግባት ነው። ስለዚህ አጎትየው የሚያውቁት ፖሊስ ልጁን ቢያሳድረው ሕግ የጣሰው ፖሊሱ ይሆናል።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ይህ ነው። መጀመሪያ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ይወቁ፤ ከቁጣው በፊት። ብሩ የሄደው ጌም ቤት ነው? የስፖርት ውርርድ ቤት ነው? አንድ ትልቅ ልጅ እያስፈራራ ያስመጣዋል? ጫት ጀምሯል? ወይስ ትምህርት ቤት ሲውል ይራባል? እያንዳንዱ መልስ የተለየ ሥራ ይጠይቃል። የሚያስፈራራው ልጅ ካለ የእርስዎ ልጅ ቢገረፍ ሁለት የሚደበድቡት ሰዎች አገኘ ማለት ብቻ ነው። ውርርድ ቤት ከሆነ ዕድሜው ያልደረሰን ልጅ የሚያስተናግደውን ቤት ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ትምህርት ቤት ሄደው የቀሪ መዝገቡን ይዩ። ከስርቆቱ በፊት ሳምንታት ያለፈቃድ ቀርቶ ከሆነ ችግሩ የተጀመረው ያኔ ነው።

ከዚያ ልጁ ራሱ ወደ ሱቁ ይሂድ። እርስዎ አብረው ይቆማሉ፤ የሚናገረው ግን እሱ ነው። ምን እንደወሰደ፣ መቼ እንደወሰደ፣ እንዴት እንደሚመልስ ይናገር። 1,200 ብሩን በሳምንት 100 ቢመልስ 12 ሳምንት ነው። ገንዘቡን ከየት ያመጣል ካሉ ከኪስ ገንዘቡ ተቀንሶ፣ የጎደለው ቅዳሜ በሱቁ ውስጥ ወይም በቤት በሚሠራው ሥራ ይሟላ። ባለሱቁ ደብተር ላይ እየጻፉ ቢቀበሉት መልካም ነው። ወላጅ ከሃፍረት የተነሣ ሙሉውን ዕለቱን ከፍሎ ሲጨርስ ልጁ ከፋይ ሌላ ሰው መሆኑን ይማራል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ስሕተት በወንድሞቹና በእህቶቹ ፊት «ሌባ» ማለት ነው። ሰው በተጠራበት ስም ይሄዳል። ሦስተኛው ቅጣቱን መጨረሻ የሌለው ማድረግ ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሲደርስ ነገሩ ተዘጋ ይባል፣ ከዚያ በኋላም አይነሣ።

ዱላውን በተመለከተ፣ የተገረፈ ልጅ የሚጠነቀቀው ላለመያዝ ነው። ግርፊያው በበረታ ቁጥር ውሸቱም ይበረታል፤ በሦስተኛው ጊዜ ምን እንደሆነ እንኳን የሚነግርዎ አያገኙም።

ጥያቄ፦ የእድራችን አባላት አዋጥተን በሰፈራችን መውጫ ለሚውሉ ሥራ ፈት ወጣቶች አንድ ነገር እናድርግ ብለናል። ግማሻችን ጥበቃ ይጨመር ይላል፣ ግማሻችን ሥልጠና ይሰጣቸው ይላል። ፖሊስ በአፈሳ ይወስዳቸዋል፤ በሳምንቱ እዚያው ናቸው። ብራችንን የት ብናውለው ይሻላል? (የእድር ጸሐፊ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አፈሳ ጥፋተኛውንና ቆሞ የተገኘውን ቀላቅሎ አንድ ቦታ ያሳድራል፤ ስለዚህ የማይተዋወቁትን አስተዋውቆ ይመልሳቸዋል። ጥበቃ መጨመርም ብቻውን ሌብነቱን ወደሚቀጥለው መንገድ ይገፋዋል።

አንድ ብር ሳታወጡ አንድ ወር መዝግቡ። አንድ ደብተር ለአንድ ታማኝ ሰው ይሰጥና ምን ተሰረቀ፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዘዴ የሚለው ይጻፍ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውጤት ያስገርማል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያልተጠበቀ የሚመስለው ችግር በሁለት ሦስት ማዕዘኖችና በተወሰኑ ሰዓቶች ላይ የተከማቸ ሆኖ ይገኛል። ማዕዘኖቹ ጨለማ ከሆኑ መጀመሪያ መብራት ይግባ። በ2016 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የመንግሥት መኖሪያ ቤቶች ግቢዎች በዕጣ ተመርጠው ኃይለኛ መብራት ሲተከልላቸው፣ በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ገደማ ቀንሷል። መብራቱ የሚበራው በማን ቆጣሪ እንደሆነና አምፖል ሲቃጠል ማን እንደሚቀይር ግን ከወዲሁ ተወስኖ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ፤ አለዚያ በስድስት ወሩ ይጨልማል።

ወጣቶቹን በሚመለከት ለእናንተ የሚቀርበው ምሳሌ ከላይቤሪያ ዋና ከተማ ከሞንሮቪያ ይገኛል። እዚያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 999 ወጣቶች በዕጣ ለአራት ተከፈሉ። በስርቆት፣ በአደንዛዥ ዕፅ ሽያጭና በጎዳና ጠብ የሚታወቁ፣ ከፊሎቹም የእርስ በርስ ጦርነቱ ተዋጊ የነበሩ ናቸው። አንዱ ክፍል የስምንት ሳምንት የባሕርይ ለውጥ ሥልጠና አገኘ፤ ሁለተኛው 200 ዶላር ብቻ ተሰጠው፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው ምንም አላገኘም። ገንዘብ ብቻ የተሰጣቸው ለጥቂት ወራት ተሻላቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ወደነበሩበት ተመለሱ። ሥልጠና ብቻ ያገኙት መጀመሪያ ላይ በጣም ተለወጡ፤ ለውጡ ግን በዓመቱ ውስጥ እየደበዘዘ ሄደ። ሁለቱን አንድ ላይ ያገኙት ግን በአሥረኛው ዓመት ሲጠየቁ እንኳ ስርቆቱና ጠቡ ምንም ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ገንዘቡ ሰዎቹን ሀብታም ስላደረገ አይደለም የሚል ነው፤ ብሩ ብዙም ሳይቆይ አልቋል። ያገኙት ነገር የተማሩትን አዲስ አኗኗር ሳይራቡ የሚለማመዱበት ጥቂት ወራት ነበር።

ሥልጠናው ምን ይመስል ነበር? ሃያ ያህል ሰው በአንድ ቡድን፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ያህል። አስተባባሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ከዚያው ሕይወት የወጡ። በማይሰበሰቡበት ቀን አስተባባሪው ወደየቤታቸውና ወደየውሏቸው እየሄደ ያያቸዋል። ንግግሩ ትንሽ፣ ልምምዱ ብዙ ነው። ፀጉር ተቆርጦ፣ ልብስ ታጥቦ መምጣት፤ ባንክ ወይም ትልቅ ሱቅ ገብቶ ጥያቄ ጠይቆ መውጣት፤ በማግስቱ ምን እንደተባለ፣ ምን እንደተሰማው ለቡድኑ መናገር፤ ሲቆጡ ከመምታት በፊት ዞር ብሎ መራቅ፤ የሳምንት ወጪን ማቀድ። ዓላማው ሰው «እኔ ይህን ነኝ» ብሎ የተቀበለውን እንዲቀይር ነው።

ይህ በአዳማ እንዳለ ይሠራል ብለን አንዋሻችሁም፤ ሰዉም ታሪኩም ሌላ ነው። አካሄዱን ግን መውሰድ ይቻላል። በአንድ ዙር ከ20 ሰው አትለፉ። ስብሰባው ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ የጫት ሰዓት ነው። ሻይና ዳቦ ከበጀቱ አይቀነስ፤ የራበው ሰው አራት ሰዓት አይቀመጥም። የልምምድ ሥራዎቹ የሚጠቅሟቸው ይሁኑ፦ የታደሰ መታወቂያ ማውጣት፣ የባንክ ሂሳብ መክፈት፣ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መመዝገብ። የመነሻ ገንዘቡ ሥልጠናው ሲያልቅ ይሰጥ፣ አስተባባሪውም ቢያንስ ሦስት ወር መከታተሉን አያቋርጥ። ከ18 ዓመት በታች ያሉት ከትልልቆቹ ጋር አይቀላቀሉ።

የሚያበላሸው ትልቁ ነገር ምርጫው ነው። ኮሚቴው የወንድሙን ልጅ፣ ጨዋውንና ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልገውን ያስገባል፤ ጥግ ላይ የቆመው ደግሞ ውጭ ይቀራል። ጨዋው ልጅም ድጋፍ ይገባዋል፤ ይህ ገንዘብ ግን የእሱ አይደለም። ሁለተኛው ሥራ ብቻ ይበቃል ማለት ነው። በአገራችን አምስት ፋብሪካዎች ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አመልካቾች በዕጣ ተለይተው የታዩበት ጥናት ነበር። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ፤ 300 ዶላርና አጭር የንግድ ሥልጠና የተሰጣቸው በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ፤ በአምስተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ጠፋ። አንድ ጊዜ ሰጥቶ ዞር ማለት በየትም አገር ሩቅ አያደርስም።

ጥያቄ፦ የመካከለኛው አሜሪካዋ ኤል ሳልቫዶር ወንበዴዎቿን ሰብስባ አሰረች፣ ግድያም ቆመ። ታዲያ «መንስኤው፣ መንስኤው» ማለት ጊዜ ማባከን አይደለም? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ግድያው መውረዱ እውነት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከ100,000 ሰው ከ100 በላይ በዓመት ይገደልባት የነበረች አገር፣ በ2024 በመንግሥት አኃዝ ከ2 በታች ደርሳለች። ለሕዝቡም ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ግድያው መቀነስ የጀመረው ከመጋቢት 2022ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዓመታት ቀድሞ ነው፤ በ2021 ቁጥሩ 18 ገደማ ነበር። የታሰሩት ደግሞ በስም የሚታወቁ፣ ሰፈር ከልለው ከየሱቁ ግብር የሚሰበስቡ ድርጅቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ድርጅት አባላቱ ሲያዙ ይፈርሳል። የእኛ ስልክ መንታፊ ሲታሰር ግን ቦታውን የሚይዝ ሌላ ልጅ አለ፤ ገዢው አልታሰረምና።

ዋጋውም መታየት አለበት። ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባለው አገር ከ80,000 በላይ ሰው ታስሯል፤ መንግሥት ራሱ ከእነዚህ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩትን ያለጥፋታቸው መያዛቸው ታውቆ ፈትቷል። የቀሩት አንድ ቀን ይፈታሉ። በአሜሪካ በ2005 እ.ኤ.አ. ከ30 ክፍለ ግዛቶች እስር ቤት የወጡ ሰዎች ሲታዩ ከመቶ 68ቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ዳግመኛ ተይዘዋል። ደጋግሞ ሰው የሚገድልና የሚደፍር ሰው መታሰር አለበት፤ በዚህ ላይ አንደራደርም። ሆኖም እስር ጊዜ ይገዛል እንጂ፣ በዚያ ጊዜ ምን እንደሚሠራበት አይወስንም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በወሰን ጠብ ሰው ገድሎ 12 ዓመት ተፈርዶበታል። ስምንተኛ ዓመቱን ሊጨርስ ስለሆነ በአመክሮ ይወጣል ተብሏል። የሟች ልጅ 17 ዓመት ሞላው፤ አገሩ ሁሉ «የአባቱን ደም ይመልሳል» ይላል። ምን እናድርግ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሳይዘገይ መጠየቅዎ ጥሩ ነው፤ ሥራው ሁሉ መሠራት ያለበት ወንድምዎ ከመውጣቱ በፊት ነው።

በሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት አመክሮ የሚጠየቀው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ሲያልቅ ነው፤ ከ12 ዓመት 8 ማለት ነው። ማረሚያ ቤቱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ወይም ታራሚው ራሱ ያመለክታል፤ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። የሚታየውም ሥራውና ጠባዩ፣ ወደፊት ጥሩ ይኖራል ተብሎ መታመኑ፣ እንዲሁም ያደረሰውን ጉዳት በሚችለው መጠን መካሱ ነው። የመጨረሻው ብዙ ቤተሰብ የሚረሳው ነው። ስለዚህ እርቁና ካሣው ለሕይወትም ለአመክሮውም ይጠቅማሉ። እርቅ ግን የመንግሥትን ፍርድ አያስቀርም፤ ለዚህ ሲባል የሚደረግ አይምሰላችሁ።

ለደም ማድረቁ ሽማግሌዎች ስትመርጡ ከሁለቱም ወገን ዝምድና የሌላቸው፣ የሟች ቤተሰብ የሚያከብራቸው ይሁኑ፤ የሟች ቤት ንስሐ አባት ካልገቡበት ነገሩ አይቆምም። የእናንተ ወገን በሽማግሌ ካልሆነ በቀጥታ አይሂድ፤ በገበያና በቤተ ክርስቲያን መንገድም ይጠንቀቅ። እምቢ ቢባሉ ሽማግሌዎቹ ይመለሱና ደግመው ይሂዱ፤ የመጀመሪያው እምቢታ የክብር ነው።

እርቅ ተደርጎ ደም የሚፈስሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የሟች ልጅ ሳይጠየቅ አጎቶቹ ብቻ ሲታረቁና ካሣውን ሲካፈሉት ነው። ልጁ በእርቁ ላይ ተቀምጦ በአንደበቱ ይናገር፤ ገና ልጅ ነው ተብሎ አይታለፍ። ካሣው በእናቱና በልጁ ስም በባንክ ይግባ፤ የሚቻል ከሆነ ትምህርቱን እስኪጨርስ የሚውል ይሁን። ሽማግሌዎቹ መሐላውን ሲያስምሉም የቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ ይማሉ፣ ዋስም ይጥሩ።

ሁለተኛው ወሰኑ ነው። ጠቡን ያስነሣው ድንበር ዛሬም እዚያው አለ። የወረዳውን የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አስጠርታችሁ፣ ሁለቱም ወገንና የአዋሳኝ ባለይዞታዎች ባሉበት ይለካ፤ ካርታ ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ እንዲሰፍርም አድርጉ። ድንጋዩ የሚተከለው በሽማግሌዎቹ ፊት ይሁን። ያለዚህ እርቁ በሚቀጥለው የእርሻ ወቅት ይፈተናል።

ወንድምዎ ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከዚያ ቀበሌ ውጭ ዘመድ ዘንድ ቢያርፍ ይሻላል። አመክሮው ግዴታ ያለበት መሆኑንም አይርሱ፤ ፍርድ ቤቱ ስለ መኖሪያው ወይም ስለ ውሎው ያዘዘው ካለ ቤት ከመለወጡ በፊት ያስፈቅድ። ግዴታውን ከጣሰ ወይም ዳግም ካጠፋ ወደ ማረሚያ ቤት ይመለሳል። ከመውጣቱ በፊት የመፈቻ ወረቀቱን፣ በማረሚያ ቤት የተማረው ሙያ ካለ የምስክር ወረቀቱን በእጁ ይያዝ፤ ወጥቶ ለማስጻፍ መመላለሱ ረጅም ነው። የቀበሌ መታወቂያውን በመጀመሪያው ሳምንት ያውጣ፤ ያለ መታወቂያ ቤት አይከራይም፣ ሥራም አይቀጠርም። በሠርግና በክብረ በዓል መጠጥ ካለበት፣ ጥይት ከሚተኮስበት ግብዣ ይራቅ።

የጥፋት መዝገቡም ለዘላለም አይደለም። በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱ ካበቃ አምስት ዓመት፣ በቀላል እስራት የተቀጣ ደግሞ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ ካሣውን ከፍሎና በጥሩ ጠባይ ኖሮ ከሆነ ቅጣቱን ለወሰነው ፍርድ ቤት «ልሰየም» (መብቴና ስሜ ይመለስልኝ) ብሎ ማመልከት ይችላል (ከአንቀጽ 232 ጀምሮ)። ሲፈቀድለት ቅጣቱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ ለማዋረድ ብሎ የድሮውን ፍርድ እየጠቀሰ የሚነቅፈው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ለማመልከቻው የካሣ ክፍያ ደረሰኝ፣ የአመክሮው ትእዛዝ ግልባጭና ከሚኖርበት ቀበሌ የጠባይ ማስረጃ ያስፈልጉታል፤ ደረሰኞቹን ከአሁኑ በአንድ ፖስታ አኑሩለት።